ከሮብ ገበያ ጅብራ አፋፍ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?

መንገድ ጠይቃችሁኝ ታውቃላችሁ? ካልጠየቃችሁኝ ዕድለኞች ናችሁ። ጠይቃችሁኝ እስካሁን እየሄዳችሁ ከሆነ ደግሞ ይቅር በሉኝ፤ ክፋት አልነበረኝም።

እኛ የጮቄ ተራራ ሰዎች በመሬት ድንበር አንዋሽም። በመሐላ አንዋሽም። በከብት ገበያ ትንሽ እንዋሻለን፤ እሱንም ገዥው ስለሚያውቀው ውሸት አይባልም። በመንገድ ግን እንዋሻለን፤ ያውም ሳናፍር። አንድ መንገደኛ ቁልቁለቱን ወርዶ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ «ስንት ቀረኝ?» ሲላችሁ «ገና እኩሌታውንም አልሄድህ» ትሉታላችሁ? እንዲህ ያለ ጨካኝ እኛ ዘንድ የለም። ቢኖርም ልጁን የሚድርለት አያገኝም። «ደርሰሃል! ከዚች ጉብታ ወዲያ ናት» ነው የሚባለው። ጉብታዋን ሲያልፍ ሌላ ጉብታ አለች፤ እዚያም ሌላ ሰው አለ፤ እሱም «ደርሰሃል» ይለዋል። እንዲህ እየተቀባበልን አገር እናሻግረዋለን። ስንቁ ያለቀበት ስንት ሰው በእኛ ውሸት ብርታት ቤቱ ገብቷል።

በዚህ ጉዳይ ከመንደሩ ሁሉ የባስሁ እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ «እቺ ናት» ብዬ የሰደድኋቸው የሙሽራ አጃቢዎች የደረሱት ሠርጉ አልፎ ለመልሱ ነው ይባላል። ይባላል አልሁ እንጂ አላየሁም። እዚያ ድረስ ማን ይሄዳል? ሩቅ ነው።

እንግዲህ ያናደደኝን ነገር ልንገራችሁ። የጀመረው በገበያ ቀን ነው። ሮብ ገበያ ወርደን ገብስና ድንች ስንሸጥ፣ ከደብረ ማርቆስ የመጣ አንድ የፕላን ባለሙያ የየመንደሩን ሰው ይፈልጋል ተባለና አዳራሽ ገባን። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ጫማው ከምንጣፍ በቀር ሌላ ነገር ረግጦ የማያውቅ፣ አንደበቱ ግን ትሑት የሆነ ልጅ ነው። በጮቄ ላይ በእግራቸው ለሚጓዙ ጎብኚዎች መንገድ ሊዘረጋ ነው አለን። ሰው በአገሩ መኪና እያለው እግሩን ሊያደክም ባሕር ይሻገራል ወይ ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አያ ውብነህ ጎሸመኝ። አያ ውብነህ ጎረቤቴ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በመሬት ይበልጠኛል፣ በቅሎም አለው፤ በእነዚህ በሦስቱ ምክንያት በተሰበሰብን ቁጥር ይጎሽመኛል።

«በመንገዱ ዳር ያሉ መንደሮች በፕላን ይለማሉ» አለ ልጁ። «ማረፊያ መንደር ሆኖ የተመረጠ የቧንቧ ውኃ፣ የእንግዳ ቤትና ጤና ኬላ ያገኛል። ጤና ኬላው ከተፈቀደ ቤቱ እስኪሠራ አይጠበቅም፤ አዋላጅ ነርስ ወዲያው ትመደባለች።»

ውኃውም የእንግዳ ቤቱም ጆሮዬ አልገቡም። አዋላጅ ያለው ግን ገባ። አንጓች የምትባል ልጅ አለችኝ። አምና ምጥ ሲጠናባት ስምንት ወንዶች እየተፈራረቅን በቃሬዛ ተሸክመን ወደ ሮብ ገበያ ጤና ጣቢያ አወረድናት። እሷ ተረፈች፤ ልጇ አልተረፈም። ከዚህ በላይ አልናገርም፤ ወግ ነው የጀመርሁት። ያን የገበያ ቀን ግን እንደገና ፀንሳ አምስተኛ ወሯን ይዛ ነበር።

«ከየመንደራችሁ እዚህ ድረስ በእግር ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብሎ ልጁ ጠየቀ። ጥናቱ አሳታፊ ነው አለ። አሳታፊ ማለት እኛ እንናገራለን፣ እሱ ይጽፋል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር። አስከትሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ነገ ራሴ መጥቼ መንደራችሁን አያለሁ።»

አለቀልን። እንግዳ «ልመጣ ነው» ሲል «ሩቅ ነው» ብሎ መመለስ፣ እኛ ዘንድ፣ «የማበላህ የለኝምና ባትመጣብኝ ይሻላል» ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ስድብ አላውቅም።

አያ ውብነህ ብድግ አለ። «ጅብራ አፋፍ? ምን አላት እሷ! አሁን ብትነሣ አሁን ናት።»

«በሰዓት ይንገሩኝ፣ አባቴ።»

«ግማሽ ሰዓት» አሉ የደብራችን ቄስ፣ አባ ይሁኔ። ከመካከላችን የእጅ ሰዓት ያሰሩ እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ሰው ሁሉ በአክብሮት አዳመጣቸው። ሰዓቲቱ ከቆመች ሁለት ክረምት ሆኗታል።

ልጁ ወደኔ ዞረ። የመንደሩ ኮሚቴ ጸሐፊ እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርሁት በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው፤ ከቄሱ ሌላ ብዕር የሚይዝ ጎልማሳ ሲታጣ ጸሐፊ አደረጉኝ። እውነቱን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ያን ዕለት እንኳ ገበያ የደረስሁት ዶሮ ሲጮህ ተነሥቼ ነው። ግን የልጁን ጫማ አየሁት። አሳዘነኝ።

«ቢበዛ አርባ ደቂቃ» አልሁ።

ቢበዛ! ከሌሎቹ ይልቅ እውነተኛ ልሁን ብዬ ከራሴ አሥር ደቂቃ መጨመሬ ነው እኮ!

«ስልኬም ቅርብ ነው ይላል» አለ ልጁ ደስ ብሎት፣ አርባ ደቂቃ ብሎ ከስሜ አጠገብ እየጻፈ። ስልኩ ለካ እንደ ወፍ ነው የሚለካው፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ብሎ ይበራል፤ ሦስቱን ሸለቆ አያይም፣ ገደሉን አያይም። ወፍ ብሆንማ አዋላጅ ምን ያደርግልኛል? እንቁላል ጥዬ ዝም እል ነበር።

በማግስቱ ዘነበ፤ ልጁም ቀረ። ለእሱ ያረድነውን በግ እኛው በላነው። ሲበላ ጣፍጦን ነበር፤ ዋጋውን ያወቅነው ኋላ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ፕላኑ ለቀበሌ ደረሰና ቅዳሴ ሲወጣ ለሕዝቡ እንዳነብ ተሰጠኝ። እኔ ሳነብ አይጣል ነው። ከአንዱ ቃል ወደሚቀጥለው እስክሻገር አድማጩ አስነጥሶ፣ «ይማርህ» ተብሎ፣ ስለ ጎረቤቱ ላም ጠይቆ ይመለሳል። ያን ቀን ግን ሰው ሁሉ ጸጥ አለ።

«ከጤና ጣቢያ ... የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ... ውስጥ ያለ መንደር ... ጤና ኬላ አያስፈልገውም። ጅብራ አፋፍ፤ ... አርባ ደቂቃ። ... አያስፈልገውም።»

ሰው ተንጫጫ። እኔ ግን ማንበቤን ቀጠልሁ፤ ከጀመርሁ መቆም ይከብደኛል። ወደ ማረፊያ መንደሩ ደረስሁ። ፕላኑ ተጓዡ ቀኑን ሙሉ ተጉዞ ሲደክመው የሚያርፍበትን ቦታ ነበር የሚፈልገው። እንግዲህ የየመንደሩ ሰው ለልጁ በደግነት የነገረው ሰዓት ሲደመር፣ ያ ምስኪን ጎብኚ ሁላችንንም ከቁርሱ በፊት አልፎን ይሄዳል። ሄዶ ሄዶ የሚደክመው ላይኛው ረግረግ ላይ ነው። ረግረጉን ለማታውቁት፦ ከጓሳ ሣርና ከውርጭ በቀር ነዋሪ የለውም። አንድ ጊዜ የአያ ውብነህ ወይፈን ገብቶበት ቀንዱን ብቻ አይተነዋል። ማረፊያ መንደሩ እሱ ላይ ወደቀ። በቀይ ክብ ተከቦ፣ የእንግዳ ቤቱ፣ ጤና ኬላው፣ መዝናኛው ሳይቀር ተሥሎበታል። ከሥሩም «የአካባቢው ነዋሪ በፈቃዱ ተሰባስቦ እዚህ እንዲሠፍር ይበረታታል» ይላል።

«ረግረግ ላይ?» አለች አንዲት ሴት። «እንደ እንቁራሪት?»

«ማነው አርባ ደቂቃ ያለ?» ብሎ ጮኸ አያ ውብነህ።

ወረቀቱን ተመለከትሁ። ከየመንደሩ የተጻፈው የአንድ ሰው ስም ነው። ሰው በሕይወቱ መጀመሪያ የሚማረው የራሱን ስም መጻፍ ነው፤ ማንበብ ባልችል ብዬ የተመኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ነኝ» አልሁ። «አንተስ 'አሁን ብትነሣ አሁን ናት' አላልህም? አባስ ግማሽ ሰዓት አላሉም?»

«የኔ አልተጻፈማ!» አለ አያ ውብነህ። አባ ይሁኔ የቆመችውን ሰዓታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኗት።

አንጓች ከሴቶቹ መካከል ተቀምጣ ነበር። ወገቧን ደግፋ ተነሥታ ወጣች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወርጄ፣ ሮብ ገበያ አድሬ፣ በሚኒባስ ደብረ ማርቆስ ገባሁ። ልጁን ቢሮው አገኘሁት። ተነሥቶ ወንበር ሰጠኝ፤ አስተዳደጉስ ደኅና ነው።

«ልጄ፣ ያ አርባ ደቂቃ ልክ አይደለም» አልሁት።

«እርስዎ ነዎት እኮ የነገሩኝ፣ አባቴ።»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ስንት ነው?»

«ሲወጡ ሰባት ሰዓት። ሲወርዱ አምስት። ሰው ተሸክመው ሲወርዱ አይቆጠርም።»

ሣቀ። ክፉ ሣቅ አይደለም፤ የተማረ ሰው ሣቅ ነው። «አባቴ፣ ጤና ኬላ የሚባል ነገር ሲሰማ የሁሉም መንደር መንገድ ይረዝማል። የእናንተው ደግሞ አሥር እጥፍ ረዘመ! እኛ የተማርነው፣ ሰው ጥቅሙን ሳያስብ መጀመሪያ የተናገረው እውነት ነው ተብለን ነው።»

እስቲ አሁን ይኼ የት ይወሰዳል? ስዋሽ ታመንሁ፤ እውነቱን ስናገር ዋሸህ ተባልሁ። ደሜ ፈላ። «ስማ! ዝናብ ፈርተህ ቀርተህ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠህ ሰው ረግረግ ላይ ታሠፍራለህ? እግር የለህም? መጥተህ አትሄድበትም?» ብዬ ጮኽሁበት። ከየክፍሉ አንገት ብቅ ብቅ አለ። ልጁ ቀላ፤ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ማክሰኞ እመጣለሁ» አለ። «በእግሬ። ሰዓት ይዤ።»

ተመልሼ ቤት ለቤት ዞርሁ፤ በመንገዱ ዳር ያለውን ሰው ሁሉ አስጠነቀቅሁ። ባለሙያው ሲያልፍ ማንም «ደርሰዋል» እንዳይል! ስንት ቀረኝ ካለ እውነቱ ይነገረው! አባ ይሁኔ ጋም ሄድሁ።

«እውነት ለመናገር ደግሞ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል?» አሉኝ።

«ለእኛ ያስፈልጋል፣ አባ።»

ማክሰኞ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከልጁ ጋር ከሮብ ገበያ ተነሣን። የመጀመሪያውን ሰዓት ስለ ጎብኚና ስለ ልማት አወራልኝ። ሁለተኛውን ሰዓት ስለ ልማት ብቻ። ሦስተኛው ላይ ወሬውን ተወና ትንፋሹን ብቻ እሰማ ጀመር። አንዲት ድንች የምትኮተኩት ሴት ዘንድ ስንደርስ ዶማዋን ተደግፋ አየችው።

«እናቴ፣ ጅብራ አፋፍ ብዙ ይቀራል?» አላት።

ሴትዮዋ እኔን አየች። ቤቷ ድረስ ሄጄ ያስጠነቀቅኋት ናት። ልጁን አየች። መልሳ እኔን አየች። «ኧረ ደርሰዋል!» አለች። «ይቺን ካለፉ ምን ቀረዎት!»

«አንቺ!» አልሁ። «ምን ተባብለን ነበር?»

«እንዴ! ፊቱን አታየውም እንዴ? ነፍሱ ልትወጣ እኮ ነው! የሰው ልጅ አይደለም?»

ልጁ ደስ ብሎት ሊጽፍ ደብተሩን አወጣ። ሰዓትህን እንጂ ሴትዮዋን አትጻፍ ብዬ ደብተሩን መልሼ ኪሱ ከተትሁለት። ከእሷ በኋላ አራት ሰው አገኘን፤ አራቱም «ደርሰዋል» አሉት። አንዱማ ሊያሳምነው ብሎ በጣቱ አሳየው፤ ያሳየው ደመና ነው።

አራተኛው ሰዓት ላይ፣ የትልቁ አቀበት ሥር ስንደርስ፣ አያ ውብነህ ቆሞ ይጠብቀናል። ብቻውን አይደለም። በቅሎዋን ጭኖ፣ ኮርቻዋን ያን ለጥምቀት ብቻ የሚያወጣውን ግላስ አልብሶ፣ ልጓሟን ይዟል።

«ምነው አያ ውብነህ! ምነው!»

«ምነው አትበለኝ! የመንግሥት እንግዳ አቀበት ለአቀበት በእግሩ ሲንገላታ እያወቅሁ ቤቴ ልተኛ? 'ደርሰዋል' አትበል አልኸኝ፤ እሺ፣ አላልሁም። በቅሎ አትላክ መቼ አልኸኝ?»

ሰው እንዲህ ያለ ጠላት ለምን ይፈልጋል? ደግ ጎረቤት ይበቃዋል። በበቅሎ ከሄደ ቀሪው መንገድ እኩሌታ ሊሆን ነው። ዘወር ብል ልጁ አንድ እግሩን እርካብ ላይ አድርጓል። ዘልዬ ልጓሙን ያዝሁ። በዘራችን እንግዳ ከበቅሎ ያወረደ የለም፤ መጀመሪያው እኔ ሆንሁ።

«ውረድ!»

«አንተ ሰው፣ አብደሃል?» አለ አያ ውብነህ። «ሰው ምን ይለናል?»

«አባቴ፣ ሰዓቱን እጥፍ አድርጌ እጽፈዋለሁ» ብሎ ለመነኝ ልጁ። «እግሬ አልቋል።»

«ልጄ ሰባተኛ ወሯ ነው» አልሁት። «ምጥ የያዛት ሴት በቅሎ ላይ ትቀመጣለች? ያምናውን ልጇን እዚህ መንገድ ላይ ነው ያጣነው። እጥፍ አድርገህ አትጻፍልኝ። በእግርህ ሂድና ያለውን ጻፍ።»

ልጁ እግሩን ከእርካብ አወረደ። አምና ከቃሬዛው ተሸካሚዎች አንዱ አያ ውብነህ ነበር። በቅሎዋን አዙሮ ከኋላችን ተከተለ። ሦስት ወንዶች ጭቃ እያቦካን፣ በቅሎ ባዶዋን በግላስ ተሸልማ ትራመዳለች። ከሩቅ ላየን ሰው ባለሥልጣኗ እሷ ናት።

ጅብራ አፋፍ የገባነው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የልጁ የአንድ እግሩ ጫማ ሶል የለውም። ባለቤቴ እግሩን በሙቅ ውኃ አጠበችው፤ ውኃው ውስጥ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ መንደሩ በሙሉ ደጄ ላይ ተሰብስቧል።

«ሰባት ሰዓት ከሩብ» አለ። «ጤና ኬላ ይገባችኋል።»

ሴቶቹ እልል አሉ።

«ግን» አለ።

የመንግሥት ሰው «ግን» ሲል እልልታ ለምን ይቀድማል? እስኪጨርስ አይጠበቅም? ፕላኑ ውስጥ የገባው አርባ ደቂቃ ነው አለ። እሱን ለመለወጥ የእሱ እግር ማስረጃ አይሆንም፤ መረጃውን የሰጠው ሰው ራሱ በጽሑፍ ማስተባበል አለበት።

«ተሳስተን ነው ይባላ» አሉ አባ ይሁኔ። «መሳሳት የሰው ነው።»

«ስህተት ከተባለ፣ አባ፣ ለሚመጣው ዓመት ጥናት ይያዛል። አሁኑኑ የሚታረመው የተሰጠው መረጃ ሆን ተብሎ የተነገረ ሐሰት ከሆነ ነው።»

የሚመጣው ዓመት ለአንጓች ምኗ ነው? ሁለት ወር ነው የቀራት። ልጁ ከቦርሳው ንጹሕ ወረቀት አውጥቶ ጉልበቴ ላይ አኖረው።

«አታድርገው» አለ አያ ውብነህ በጆሮዬ። «'ዋሽቻለሁ' ብለህ ትፈርማለህ? ለመንግሥት? ወረቀት እኮ አይሞትም። የልጅ ልጅህ ነገ 'የውሸታም ዘር' ሲባል ምን ልትል ነው?»

«መጀመሪያ ይወለድ» አልሁት።

ብዕሩን ተቀበልሁ። ጸሐፊ ከሆንሁ ጀምሮ ያልጻፍሁት የለም፤ የወይፈን ጠብ ጽፌያለሁ፣ የአጥር ጠብ ጽፌያለሁ፣ የባልና ሚስት ጠብ ጽፌያለሁ። በራሴ ላይ ጽፌ ግን አላውቅም። «እኔ ስሜ ከዚህ በታች የተጻፈው ሰው፣ ከሮብ ገበያ ጅብራ አፋፍ አርባ ደቂቃ ነው ብዬ የተናገርሁት ሐሰት ነው። መንገዱ ሰባት ሰዓት ከሩብ መሆኑን እያወቅሁ ዋሽቻለሁ» ብዬ ስሜን ጻፍሁ፤ ፈረምሁ።

ቀለሙ ሳይደርቅ አያ ውብነህ አጠገቡ ላለው ሰው «እኔስ ያን ዕለትም ገርሞኝ ነበር» ሲል ሰማሁት። «እግዚአብሔር ይፍታህ፣ ልጄ» አሉኝ ግማሽ ሰዓት ያሉት አባ ይሁኔ፣ መስቀላቸውን እያሳለሙኝ። ተሳለምሁ። ምን አደርጋለሁ?

ወረቀቱን ለልጁ ላቀብል ስል አንጓች ከኋላዬ መጥታ ቆማለች። በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ፣ አንድ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ ከላይ እስከ ታች አነበበችው።

«አባባ» አለችኝ።

«አቤት?»

«'ዋሽቻለሁ' የምትለዋን አስምርባት። ዘለዋት እንዳያልፉ።»

አሰመርሁባት። ሁለት ጊዜ።